ሣር የለበሱ መንደሮች፦ ስለ አንድ የቆየ የመሬት ሙግት

በመካከለኛው እንግሊዝ ገጠር ግማሽ አካሉን ያጣ መንደር ብርቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቶቹ ርቆ በሜዳ መካከል ብቻውን ይቆማል። መንገዱ አስፋልቱ ካለቀበት ቦታ ጀምሮ ሣር ለብሶ ወደ ግጦሽ ይገባና እዚያው ይጠፋል። በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከሩቅ ደልዳላ ቢመስልም ሲረግጡት ወጣ ገባ ነው። ይህ መንደር ምን ገጠመው ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከአካባቢው ሰው የሚያገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ጥቁሩ ሞት ፈጃቸው» ይባላል።

መልሱ ምቹ ነው። ማንንም አይከስም። ወረርሽኝ ርስት አልያዘም፣ ወራሽ የለውም፣ ለፍርድ አይቀርብም። ምቹ መልስ ሲገኝ ደግሞ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ይኸው መልስ ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤትም በቱሪስት መጽሐፍም ሲደገም ኖሯል። እስቲ እኛ መሬቱንና መዝገቡን አንድ ላይ አስቀምጠን እንመልከተው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እርግጥ ነው፣ ወረርሽኙ ተረት አይደለም። በ1348 እና በ1349 እንግሊዝን የመታው መቅሠፍት ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚገመተውን ቀጥፏል፤ በ1361 ተመልሶ መጥቷል፣ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተመላልሷል። ከእርሱ በፊትም ከ1315 እስከ 1317 የዘለቀው ታላቅ ረኃብና ተከትሎት የመጣው የከብት እልቂት ገጠሩን አዳክመውት ነበር። ነገር ግን በወረርሽኙ አልቀዋል ከሚባሉት መንደሮች ብዙዎቹ በ1377 በተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ላይ በስማቸው ተመዝግበው ግብር ሲከፍሉ እናገኛቸዋለን። የሞተ መንደር ግብር አይከፍልም። ቁጥራቸው ቀንሷል፣ ድህነታቸው ይታያል፣ ሆኖም ግን አሉ። በአንድ ጊዜ በበሽታ ብቻ ፈጽሞ የጠፋ መንደር በጣም ጥቂት መሆኑን ዛሬ በጉዳዩ ላይ የሠሩ የታሪክ ሰዎች በአብዛኛው ይስማማሉ። እንግዲያውስ ከመቶና ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ማን አጠፋቸው?

ወደዚህ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት መሬቱ ራሱ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ይገባል። የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ገበሬ ማረሻ የእኛን አገር ማረሻ አይመስልም። የእኛው አፈሩን ሰንጥቆ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፍታል፤ የእነርሱ ግን አፈሩን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚገለብጥ ክንፍ ነበረው። ገበሬው ረጅምና ጠባብ የሆነውን ማሳውን ከመካከል ጀምሮ ዙሪያውን እየዞረ ሲያርስ አፈሩ በየዓመቱ ወደ መካከል ይከመራል። ይህ ለመቶ ለሁለት መቶ ዓመት ሲደጋገም እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ጉብታ፣ በጉብታና በጉብታ መካከልም ውኃ የሚወርድበት ጥልቅ ትልም ይፈጠራል። ከዚህም በላይ፣ እስከ ስምንት በሬ የሚጠመድበት ረጅም ቅንጅት በማሳው ጫፍ ላይ በቀላሉ ስለማይዞር ገና ጫፍ ሳይደርስ መታጠፍ ይጀምር ነበር። ስለዚህ ጉብታዎቹ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ ተገልብጦ እንደ ተጻፈ የላቲን «ኤስ» ፊደል ተጠማዝዘው ይታያሉ። የበሬዎቹ እርምጃ እስከ ዛሬ በአፈሩ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ኤከር የሚባለው የመሬት መለኪያም መነሻው በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ነበር፤ ጥማድ የሚለውን ቃል ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

የመኖሪያው ክፍልም የራሱ ምልክት አለው። ዋናው መንገድ በእግር፣ በጋሪና በከብት ኮቴ ለዘመናት ከመረገጡ የተነሣ ከዙሪያው መሬት ዝቅ ብሎ ሰርጉዷል። በግራና በቀኙ ቤት የቆመባቸው አራት ማዕዘን መደቦች ይታያሉ፤ ከእነርሱ ኋላ የጓሮው ወሰን የነበረ ዝቅተኛ የአፈር ካብና ቦይ ይከተላል፤ ጓሮው ሲያልቅ የእርሻው ጉብታ ይጀምራል። የክረምት ፀሐይ ዝቅ ስትል ወይም ስስ በረዶ መሬቱን ሲሸፍነው በበጋ ሲያዩት ምንም የማይመስለው ሜዳ የመንደሩን ካርታ ቁልጭ አድርጎ ያወጣል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ ሁሉ የተረፈው በሣር ስለ ተሸፈነ ብቻ ነው። ሰው ሳይለቅ የኖረበትና እርሻው ሳይቋረጥ የቀጠለበት መንደር እንዲህ ያለ አሻራ የለውም፤ ማረሻው፣ በኋላም ትራክተሩ አስተካክሎታል። ሰዎቹ ተባርረው ማሳቸው ለበግ ከተተወ ግን ሣሩ የመጨረሻውን የእርሻ ዓመት ትልም እንዳለ ሸፍኖ አምስት መቶ ዓመት አቆይቶታል። ነዋሪውን ከመሬቱ ያስለቀቀው በግ የነዋሪውንም ማስረጃ ጠባቂ ሆነ። ይህ ደግሞ ማስረጃውን ያጋድለዋል። መሬቱ አጉልቶ የሚያሳየን የተፈናቀሉትን እንጂ ቀስ በቀስ የቀነሱትንና በዚያው ማረሳቸውን የቀጠሉትን አይደለም። አፈሩ በቂ ምስክር አይደለም፤ ወረቀቱ ያስፈልጋል።

ወረቀትና አፈር በግሩም ሁኔታ ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ በዎሪክሺር የሚገኘው ወርምሌይተን ነው። የዛሬው መንደር ከኮረብታ ላይ የተቀመጠ፣ ጥቂት ቤቶችና አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ጸጥተኛ ስፍራ ነው። የጥንቱ መንደር ግን ከዚያ ወረድ ብሎ፣ በ1770ዎቹ የተቆፈረው የኦክስፎርድ ቦይ በሚያልፍበት በኩል በግጦሽ ውስጥ ተኝቷል፤ የሰረጎዱት መንገዶቹ፣ መደቦቹና የዓሣ ኩሬዎቹ ሁሉ በሣር ሥር ናቸው። በ1490ዎቹ መጨረሻ ይህ ርስት የዊልያም ኮፕ ነበር። ሰውየው ተራ ባላገር አልነበረም፤ የንጉሥ ሄንሪ 7ኛ ቤተ መንግሥት ገንዘብ ያዥ ነበር። በ1517 የተሰየመው አጣሪ ኮሚሽን እንደ ተነገረው ኮፕ 240 ኤከር መሬት (ወደ 97 ሄክታር ይሆናል) አጥሮ ወደ ግጦሽ ለወጠ፤ መሬት የነበራቸው 12 ቤቶችና 3 ጎጆዎች እንዲፈርሱ አደረገ፤ 60 ሰዎች ከመኖሪያቸው ወጡ።

ስድሳ ሰው። ስማቸው አልተጻፈም። በዚያው ክፍለ ሀገር በስትሬተን ባስከርቪል ደግሞ ሄንሪ ስሚዝ የተባለ ባለርስት በ1493 በተመሳሳይ ሁኔታ 80 ሰዎችን ማባረሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑም የከብት መጠለያ እስከ መሆን መድረሱን ኮሚሽኑ መዝግቧል። የእነዚህም ስም የለም። የተጻፈው የአባራሪዎቹ ስም ነው፤ ለዚያም ባለርስት ስለሆኑ እንጂ ጸሐፊው ለታሪክ አስቦ አይደለም።

ነገሩ ለዘመኑ ሰዎች ምስጢር አልነበረም። በዎሪክ አጠገብ ያገለግሉ የነበሩ ጆን ራውስ የተባሉ ቄስ ገና በ1459 በኮቨንትሪ ለተሰበሰበው ፓርላማ ስለዚሁ ጉዳይ አቤቱታ አቅርበዋል፤ ሰሚ አላገኙም። ቄሱ ግን በአቤቱታ ብቻ አልተወሰኑም። በጻፉት የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ በአካባቢያቸው የጠፉና የተመናመኑ ወደ 60 የሚጠጉ ቦታዎችን በየስማቸው ዘርዝረዋል። ለአንዳንዶቹም በ1279 ገደማ የተሠራውን የመንግሥት የመሬት ቆጠራ አውጥተው «በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ጭሰኛ ነበረ፣ ዛሬ ይህን ያህል ቀረ» እያሉ አነጻጽረዋል። ይህን ያደረጉት በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። መዝገብን ከመዝገብ አስተያይቶ ገዥን መሞገት የዘመናችን ግኝት ይመስላቸው የነበሩ ሰዎች እኒህን ቄስ ቢያውቋቸው መልካም ነበር።

መንግሥትስ ምን አደረገ? ሕግ አወጣ። በ1489 የሄንሪ 7ኛ ፓርላማ የእርሻ ቤቶችን ማፍረስ ከለከለ። የሕጉን ማስፈጸሚያ ላነበበው ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ጥፋተኛው ከመሬቱ ከሚያገኘው ገቢ እኩሌታውን፣ ቤቶቹ እስኪመለሱ ድረስ፣ የበላይ ጌታው እንዲወስድ ይፈቅዳል። በሌላ አነጋገር አጣሪው በአጣሪ ላይ ዳኛ ተደረገ፤ ማለትም አጥር የሚያጥረው ባለርስት አጥር በሚያጥረው የበላይ ባለርስቱ እንዲቀጣ ተተወ። የበላይ ጌታው ራሱ በግ አርቢ ከሆነ ማን ማንን ይከሳል? ሃያ ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ ካርዲናል ዎልሲ አጣሪ ኮሚሽን ወደ ክፍለ ሀገር የላኩት የቀደመው ሕግ ሳይሠራ በመቅረቱ ነበር። አጣሪ ኮሚሽን የሚለው ቃል ለአንባቢዬ አዲስ አይመስለኝም። ይኸኛው ግን ቢያንስ በየአውራጃው ሰዎችን አስምሎ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ መዝገቡም ተረፈ።

መዝገቡ በተረፈበት ዘመን የወርምሌይተን ባለቤት ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ጆን ስፔንሰር የተባለ ብልህ ከብትና በግ አርቢ በ1506 ርስቱን ከኮፕ ገዝቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በኖርዝሃምፕተንሺር አልቶርፕ የሚባለውን ርስት ጨምሯል። ከኮሚሽኑ በኋላ አጥሩን አፍርሶ መሬቱን ወደ እርሻ እንዲመልስ ሲታዘዝ ያቀረበው የመከላከያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚያስደንቀኝም እርሱ ነው። ስፔንሰር ውሸታም አይመስልም። መሬቱን የገዛው ከታጠረና ሰው ከለቀቀ በኋላ መሆኑን ያስረዳል፤ ብዙ ገንዘብ አውጥቷል። ቤተ ክርስቲያኑን አሳድሷል፣ መጻሕፍትና አልባሳት ገዝቷል፣ ቀድሞ ካህን በጎደለበት ካህን አቁሟል። እንጨት በሌለበት አገር በአጥሩ ዳር ዛፍ ተክሏል። ከብቱን ያለ ወቅቱ እንዲሸጥ ቢገደድ እንደሚከስር ይማጸናል። ቃል በቃል የዘመናችን ኢንቨስተር ነው፤ ልማት አመጣሁ፣ ሥራ ሠራሁ፣ ያለፈው በእኔ አይጠየቅ የሚል። በግል ጥፋት የለበትም ቢባል እንኳ የስድሳው ሰው መሬት በእጁ ነው።

ሙግቱን ማን እንዳሸነፈ ሜዳው ይናገራል። ግጦሹ ግጦሽ ሆኖ ቀረ። የስፔንሰር ቤተሰብ በ16ኛው መቶ ዓመት ከአሥር ሺህ በላይ በግ ከሚያረቡት የአገሪቱ ባለጠጎች አንዱ ሆነ። በ1603 የቤተሰቡ አለቃ የወርምሌይተን ባሮን ተብሎ ከመሳፍንቱ ተርታ ገባ። በ1621 በጌቶች ምክር ቤት የአሩንደሉ መስፍን ይህንኑ ባሮን የአንተ አባቶች በዚያን ዘመን በግ ጠባቂዎች ነበሩ ብሎ ሊያዋርደው ቢሞክር፣ ስፔንሰር የእኔዎቹ በግ ሲጠብቁ የአንተዎቹ የክህደት ሤራ ይጠነስሱ ነበር ብሎ እንደ መለሰለት ይታወቃል። የምክር ቤቱ አባላት በዚህ ምላሽ ቢደሰቱ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ሁለቱም ያላነሡት ሦስተኛ ወገን ነበር፤ በጎቹ የቆሙበት መሬት ቀድሞ የማን ነበር የሚለውን የጠየቀ አልነበረም። የዌልስ ልዕልት የነበረችው ዲያና የዚህ ቤት ልጅ መሆኗን አብዛኛው አንባቢ ያውቃል።

ዝምታው ግን በየቦታው አልጸናም። በ1607 በዎሪክሺር፣ በሌስተርሺርና በኖርዝሃምፕተንሺር ገበሬዎች በሺህ እየሆኑ ወጥተው አጥር መንቀል፣ ቦይ መድፈን ጀመሩ። በሰኔ ወር በኖርዝሃምፕተንሺር ኒውተን በሚባለው ቦታ ባላባቶቹ ባሰባሰቡት ኃይል ተመቱ፤ በርካቶች ተገደሉ፣ መሪዎቹም በስቅላት ተቀጡ። ከኮፕ ዘመን ያለው ርቀት መቶ ዓመት ገደማ ነው። ቅሬታ ያን ያህል ይኖራል።

እስከ አሁን የጻፍኩትን አንብቦ ነገሩ ሁሉ የክፉ ባለርስትና የግፉዕ ገበሬ ታሪክ ነው የሚል ካለ ግን ጥቂት ይቆይ። የሌስተር ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ክሪስቶፈር ዳየር በምዕራብ መካከለኛው እንግሊዝ ያሉትን መንደሮች መዛግብት መርምረው ያሳዩት ሌላ ገጽታ አለ። ብዙዎቹ መንደሮች ባለርስቱ አጥር ይዞ ከመምጣቱ በፊት ራሳቸው ሳስተው ነበር። ከወረርሽኙ በኋላ መሬት በዛ፣ ሰው አነሰ። የጉልበት ዋጋ ናረ፤ በ1351 የሠራተኞች ሕግ ደመወዝን በአዋጅ ለማፈን ቢሞከርም አልተሳካም። ትናንት ጌታው ከርስቱ እንዳይወጣ ያሰረው ጭሰኛ ዛሬ የተሻለ ውል ወደሚሰጥበት፣ የጌታው ጫና ወደሚቀልበት መንደር ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ጌቶቹ ለብዙ ዓመታት ቤቶቹ እንዲጠገኑ ጭሰኞቹን በመቀጮ ሲያስፈራሩ የነበሩት ሰው ሊያባርሩ ሳይሆን ሰው ሊያስቀሩ ፈልገው ነው።

ይህ ለተመናመኑት መንደሮች በተለይ እውነት ነው። እዚያ የቀረው ጥቂት ሰው የሄደውን ጎረቤቱን መሬት እየጨመረ ሰፊ ገበሬ ሆነ፤ የጎረቤቱም ቤት ፈርሶ የከብት መዋያ ሆነ። ባላባት ያልገባበት መፈናቀልም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ባዶ መደብ የግፍ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጭሰኛ ከጌታው ቀንበር ያመለጠበት ቦታም ሊሆን ይችላል። ከላይ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። በእኔ ግምት ግን የዳየር ማስተካከያ የኮፕን ሥራ አያቀልለውም። በወርምሌይተን በዚያን ቀን ገና ስድሳ ሰው ነበረ፤ አነስተኛ መንደር ለማፍረስ የሚቀል መንደር መሆኑ ማፍረሱን ትክክል አያደርገውም።

የሚገርመው ይህን ሁሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት ራሳቸው ለረጅም ጊዜ አለማመናቸው ነው። እውቁ የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊ ጆን ክላፓም፣ ካረፉ በኋላ በ1949 በታተመው መጽሐፋቸው፣ የተተዉ መንደሮች በእንግሊዝ እጅግ ብርቅ ናቸው ብለው ነበር። በዚያው ሰሞን ሞሪስ ቤረስፎርድና ዊልያም ሆስኪንስ ካርታና ቡትስ ጫማ ይዘው ሜዳውን እያሰሱ ነበር። ቤረስፎርድ በ1954 «የጠፉት የእንግሊዝ መንደሮች» የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ከአርኪዮሎጂስቱ ጆን ኸርስት ጋርም በዮርክሺር ዋረም ፐርሲ በተባለው ባዶ መንደር ከ1950 እስከ 1990 በየበጋው ቆፈሩ። በ1971 ሁለቱ ባሳተሙት ዝርዝር 2,263 የተተዉ መንደሮች ተቆጥረው ነበር፤ ዛሬ ቁጥሩ ወደ 3,000 ይጠጋል። የተመናመኑት ከእነዚህ ይበልጣሉ። ሊቁ ብርቅ ነው ያለው ነገር ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቶ ቢሄድ ኖሮ በየጫካውና በየሜዳው ይጠብቀው ነበር።

አሁን ደግሞ ማስረጃው ራሱ እየጠፋ ነው። መንግሥት በ1939 የጦርነቱን ዘመን ምግብ ለማምረት የቆየ ግጦሽ ላረሰ ገበሬ በኤከር 2 ፓውንድ ይከፍል ጀመር፤ በጭንቅ ቀን የተወሰነ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ማረሱ ግን ጦርነቱ ካለፈም በኋላ በድጎማ ቀጠለ፤ ትራክተሩም በጥቂት ወቅቶች የስድስት መቶ ዓመት ጉብታ ደልድሎ ጨረሰ። ዴቪድ ሆል የተባሉት ተመራማሪ ስለ መካከለኛው እንግሊዝ ባቀረቡትና በ2001 በታተመው ጥናት፣ የጥንቱ እርሻ ጉብታና ትልም ጎልቶ ተጠብቆባቸዋል ተብለው ለልዩ ትኩረት የተመረጡት ቀበሌዎች 43 ብቻ ነበሩ። ከ2015 ጀምሮ የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከአውሮፕላን በሌዘር ብርሃን የተለካውን የመሬት ከፍታ መረጃ ለማንም በነጻ ከፍቷል። ዛሬ ማንኛውም ሰው ቤቱ ተቀምጦ በሣር ሥር ያለውን መንገድና መደብ በኮምፒውተሩ ላይ ማየት ይችላል። መልካም ነው፤ ሆኖም ምስሉ የሚያሳየው ገና ያልታረሰውን ብቻ ነው።

ፈጽመው የተተዉት መንደሮች ብዙዎቹ በ1979 በወጣው የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ ይጠበቃሉ። የተመናመኑት ግን ያን ያህል ዕድለኞች አይደሉም፤ ሰው ከሚኖርበት መንደር ጋር ተያይዘው ስለሚገኙ ለቤት ሠሪ የሚታዩት እንደ ክፍት ቦታ ነው። መብራት ደርሷል፣ ውኃ ደርሷል፣ መንገድ አጠገቡ ነው። አዲስ ቤት ለመሥራት ፈቃድ የሚጠየቅበት የአውራጃው ሹም የቅርስ መዝገቡን ሲገልጥ በዚያ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የመካከለኛው ዘመን የተመናመነ መንደር ለማለት የሚጻፉትን ሦስት አኅጽሮተ ፊደላትና የካርታ ቁጥር ነው። ማን እንደኖረ፣ ማን እንዳስለቀቀው፣ ወይም በራሱ ፈቃድ ሄዶ እንደሆነ አልተጻፈም። በወርምሌይተንም ቢሆን ስፔንሰሮች የሠሩት ታላቅ ቤት በእርስ በርሱ ጦርነት በ1646 በንጉሡ ወታደሮች ተቃጥሎ፣ ዛሬ በ1613 የተሠራው መግቢያ በርና ጥቂት ክፍሉ ብቻ ቆመዋል። ለዚያ በር ግን ስም፣ ዓመተ ምሕረትና የቤተሰብ አርማ ተቀርጾለታል።